ከ30ው 11ዱ ተሻላቸው፤ ከማን ጋር ሲነጻጸሩ?

ባለፈው ሰሞን አክስቴ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንዲት ሴትዮ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን የሚመስል ነገር ሰክታ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ከስር «የጉልበት ሕመም፣ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ቀዶ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ አለ። ወዲያው የድምፅ መልእክት ተከተለ፦ «አንተ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ አይደል የተማርከው? ይሄ ነገር እውነት ከሆነ አሜሪካ ላለችው ልጄ ልንገራትና ትላክልኝ።»

አክስቴን ጉልበቷን ካመማት ስምንት ዓመት አልፏል። ደረጃ የምትወርደው በጎን ነው፤ አንድ እግር ታወርድና ሌላውን ታስከትላለች። ስለዚህ «እሺ እቴቴ፣ አያለሁ» ብዬ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ወደ ምንጩ ሄድኩ።

ከቪዲዮው ጀርባ ያለው ጥናት የፈጠራ ወሬ አይደለም። የተሠራው በአሜሪካ፣ በኤል ፓሶ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪዎቹ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን 30 ሰዎች ሰበሰቡ። ጆሯቸው ላይ በተገጠመ ትንሽ መሣሪያ ቬገስ የሚባለውን ነርቭ ለ60 ደቂቃ በቀላል ኤሌክትሪክ አነቃቁት። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የነበረውን ሕመም አወዳደሩ። ከ30ዎቹ 11ዱ፣ ማለትም 37 በመቶ ገደማ፣ ሐኪሞች «ከዚህ በላይ ከሆነስ ለታማሚው ትርጉም አለው» ብለው ያስቀመጡትን መስመር ያለፈ መሻሻል አሳዩ።

በየዜናው የዞረው ይህ ቁጥር ነው፤ እኔም የምተቸው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ በትክክል አልተለካም ማለቴ አይደለም። ችግሩ ቁጥሩ ብቻውን መቆሙ ነው። በጥናቱ ውስጥ ሁለተኛ ቡድን የለም።

ጆሮና ጉልበት ምን አገናኛቸው?

መጀመሪያ ግን ሐሳቡን በቅንነት እንየው፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም።

ቬገስ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 10ኛው ነው። ስሙ በላቲን «ተንከራታች» ማለት ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጨጓራና አንጀት ይወርዳል። መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ትልካለች። ጆሯችሁን ስታጸዱ ድንገት ሳል መጥቶባችሁ ያውቃል? (እርግጥ ምንም ነገር እዚያ ድረስ ባታስገቡ ይመረጣል።) አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ይከሰታል። የተነካችው ያቺ የቬገስ ቅርንጫፍ ናት፤ አንጎል ግን መልእክቱ ከጉሮሮ የመጣ ይመስለውና «ሳል!» ብሎ ያዛል።

ለኢንጂነር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ቬገስን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ በ1997 ለሚጥል በሽታ፣ በ2005 ደግሞ ለከባድ ድብርት ፈቅዶታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ያኔ የተፈቀደው መሣሪያ በቀዶ ሕክምና የሚቀበር ነው፤ ባትሪው ደረት ላይ ከቆዳ ስር ይቀመጣል፣ ሽቦው አንገት ውስጥ ነርቩ ላይ ይጠመጠማል። በጆሮ በኩል ግን ቆዳ ሳይቀደድ ወደዚያው ነርቭ የሚያስገባ በር ተገኘ ማለት ነው።

ጉልበቱስ? የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ብዙ ጊዜ «በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት አለቀ» ተብሎ ይገለጻል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ልም አጥንት ውስጥ ነርቭ የለም። ነርቭ የሌለው ነገር ሲያልቅ እንዴት ያማል? ሕመሙ የሚመጣው ከዙሪያው ነው፤ ከስሩ ካለው አጥንት፣ ከመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን፣ መገጣጠሚያውን አቅፎ ከያዘው ከረጢት። ለዓመታት የቆየ ሕመም ደግሞ ራሱን የሕመም መሥመሩን ይለውጠዋል። ሕብለ ሰረሰርና አንጎል ውስጥ ያሉት ነርቮች ድምፁ ከፍ ተደርጎ እንደተረሳ ማጉያ ይሆናሉ። ለዚህ ነው በራጅ «ጉልበቷ አልቋል» የተባለች ሴት ያለ ብዙ ሕመም ስትራመድ፣ ራጁ ደህና የሚመስል ሌላ ሰው ግን ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድረው።

እንግዲህ ማጉያው አንጎል ውስጥ ከሆነ፣ ወደ አንጎል የሚገባውን ቬገስን በመነካካት ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይቻል ይሆን? ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔን ያስቸገረኝ መልሱ የቀረበበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ቡድን የት አለ?

ወደ 11ዱ ሰዎች እንመለስና፣ መሣሪያው ጨርሶ ባይሠራ ኖሮ ስንቶቹ «ተሻለኝ» ይሉ ነበር ብለን እንጠይቅ። «ዜሮ» ካላችሁ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቃችኋል።

አንድ የሙቀት ሴንሰር አለን እንበል። ክፍሉ ምንም ሳይለወጥ ንባቡ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ዝም ብሎ ይወዛወዛል። አሁን «ከ28 በላይ ሲያነብ ማራገቢያውን ክፈት» የሚል ፕሮግራም ጻፉ። ማራገቢያው የተቃጠለ፣ ፈጽሞ የማይነፍስ ይሁን። ምን ይሆናል? ማራገቢያው «ከተከፈተ» በኋላ ያለው ንባብ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል! የጀመርነው ከከፍተኛው ነዋ፤ ከዚያ መውረድ እንጂ መውጣት ብዙም አይቀረውም። ስታቲስቲክስ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል። የጉልበት ሕመምም እንደዚያ ሴንሰር ነው፤ አንድ ሳምንት ይብሳል፣ ሌላ ሳምንት ቀለል ይላል። ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው፣ ለጥናትም የሚመዘገበው፣ ሲብስበት ነው።

የኤል ፓሶው ጥናት ውስጥ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ዜናውን የጻፉት ሰዎች ለምን እንዳላነሱት ግልጽ አይደለልኝም። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕመም በጥቅሉ በመራመድ ይብሳል፣ በማረፍ ይቀንሳል። ጥናቱ ላይ የተሳተፉት ሰዎች ምን ነበር ያደረጉት? ለ60 ደቂቃ አረፉ። አክስቴን ከገበያ ስትመለስ ጠይቋት፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ቁጭ ካለች በኋላ ደግማችሁ ጠይቋት። ጆሮዋ ላይ ምንም ሳይሰካ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ስሙን ሁላችሁም የምታውቁት ፕላሲቦ ነው። ብዙ ሰው ፕላሲቦን «ሞኝ ሰው ላይ የሚሠራ» ነገር አድርጎ ያስበዋል። በፍጹም። በ2008 የወጣ አንድ ሰፊ ትንታኔ በኦስቲዮአርትራይተስ ላይ የተደረጉ 198 ሙከራዎችን ሰብስቦ፣ የይስሙላ ሕክምና ብቻ የተሰጣቸውን ከ16,000 በላይ ሰዎች ተመለከተ። በነዚህ ሰዎች ላይ የታየው የሕመም መቀነስ በተመራማሪዎች መለኪያ 0.51 ነበር። ምንም ዓይነት ሕክምና ባልተሰጣቸው ላይ 0.03 ብቻ። ለማነጻጸር ያህል፣ 0.5 በዚህ ሚዛን «መካከለኛ» የሚባል ውጤት ነው፤ ብዙ እውነተኛ ሕክምናዎች ከይስሙላው የሚበልጡት ከዚያ ባነሰ ልዩነት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የማይለቀኝ የሂዩስተኑ ሙከራ ነው። በ2002 የወጣ ነው። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው 180 ሰዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ ጉልበታቸው በካሜራ ተከፍቶ ተጠረገ፣ አንዳንዶቹ ታጠበላቸው፣ የቀሩት ደግሞ ቆዳቸው ብቻ በትንሹ ተቀዶ ተሰፋ። የይስሙላው ቡድን ላይ ቀዶ ሐኪሙ መሣሪያ አቀብሉኝ እያለ፣ ጉልበቱን እያንቀሳቀሰ፣ ውኃ እየረጨ እውነተኛውን ቀዶ ሕክምና ተወነ። ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በሕመም ረገድ እውነተኛው ከይስሙላው አልበለጠም። ሁሉም ቡድኖች ውስጥ ግን «ተሻለኝ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ያ ሙከራ የይስሙላ ቡድን ባይኖረው ኖሮ «ቀዶ ሕክምናው ይሠራል» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ለዓመታትም ሲባል የኖረው እሱ ነው።

በዚህ ላይ የናሙናው ትንሽነት አለ። 30 ሰው ላይ የተገኘ 37 በመቶ፣ ስሌቱን ስትሠሩት፣ እውነተኛው ድርሻ በግምት ከ22 እስከ 54 በመቶ የትም ሊሆን እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ። ከአምስት አንዱ ወይስ ከሁለት አንዱ? እኔ የላቦራቶሪ ሪፖርቴ ላይ እንዲህ ያለ የስህተት ክልል ይዤ ብቀርብ አማካሪዬ የሚለኝን አውቃለሁ።

ለተመራማሪዎቹ ፍትሐዊ እንሁን። ሥራቸው የመነሻ ሙከራ ነው፤ ዓላማው «ይቻላል ወይ? ጉዳት የለውም ወይ?» የሚለውን ማየት ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን ያለው ትልቅ ሙከራ እንደሚያስፈልግ ራሳቸውም ተናግረዋል። እዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ግን የመነሻ ሙከራ ዓላማ ያ ከሆነ፣ የሚወጣው ዜና «30 ሰዎች ያለ ችግር ጨረሱት» መሆን ነበረበት። 37 በመቶው ለሕዝብ ሲነገር ሕዝቡ የሚሰማው «ይሠራል» የሚለውን ነው። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እኮ አክስቴ ቪዲዮ ላይ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንደሚቀርም ይታወቃል። በእኔ አስተያየት ከ30ዎቹ 15ቱን በዕጣ የይስሙላ መሣሪያ ማስገጠም ሙከራውን እጅግ ውድ አያደርገውም ነበር፤ የምናውቀውን ነገር ግን በብዙ ይጨምረው ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ቴንስ

ይህን ያህል የተጨነቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጆሮው መሣሪያ ቴንስ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች ራሱ ጉልበቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚልክ፣ ኪስ የሚገባ መሣሪያ ነው። ምናልባት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል።

ሕመምን በኤሌክትሪክ ማደንዘዝ ራሱ ከባትሪ ይቀድማል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ፣ ሪህ ያለበት ሰው እርጥብ የባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ ቶርፒዶ የሚባለውን ኤሌክትሪክ አመንጪ አሳ በሕይወቱ እንዲረግጥና እግሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ እስኪደነዝዝ እንዲቆይ ያዝ ነበር። በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተመዝግቧል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ፣ ሐበሾች የሚያደነዝዝ አሳ የታማሚው አካል ላይ በማድረግ እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳትን እንደሚያክሙ ጽፏል። ትኩሳቱ ዳግመኛ እንደማይመለስም ይናገራል። ማነጻጸሪያ ቡድን ያኔም አልነበረም።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው በ1965 ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል «የበር» ንድፈ ሐሳብ የሚባለውን አቀረቡ። ጉልበታችሁ ጠረጴዛ ሲመታ ምን ታደርጋላችሁ? ታሹታላችሁ። ለምን ይቀላል? የመነካት ስሜት የሚጓዘው በወፍራምና ፈጣን ነርቮች ነው፤ በሰከንድ በአሥር የሚቆጠር ሜትር ይሮጣሉ። የሚያንገበግበው ሕመም ደግሞ በቀጭኖቹ ይመጣል፤ እነሱ በሰከንድ ከአንድ ሁለት ሜትር አያልፉም፣ የሰው እርምጃ ያህል። ሁለቱም ሕብለ ሰረሰር ውስጥ አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ፈጣኖቹ በሥራ ሲያጣብቡት የሕመሙ መልእክት ማለፍ ያቅተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዎል ከቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስዊት ጋር ሆኖ ሐሳቡን በኤሌክትሪክ ሞከረው፤ የመጀመሪያዎቹ ተሞካሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ቴንስ ማለት በአጭሩ ባትሪ የገባለት ማሸት ነው። ቆንጆ ንድፈ ሐሳብ፣ ርካሽ መሣሪያ፣ ጉዳቱ አነስተኛ። ማን አይወደውም?

በ2000 ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም የነበሩትን ጥቂት ሙከራዎች አይቶ ቴንስ የጉልበት ሕመምን ይቀንሳል አለ። በ2009 እንደገና ሲመዝኑ 18 ሙከራዎች አገኙ፤ በጠቅላላው ግን 813 ሰው ብቻ። በአማካይ አንድ ሙከራ 45 ሰው ማለት ነው። የሁሉም ድምር ሲታይ ቴንስ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የሕመም መስመር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚቀንስ ይመስላል፤ ይህ ትልቅ ነው። ግን ጠጋ ብለው ሲያዩት ትልቁን ውጤት ያመጡት ትንንሾቹ ሙከራዎች ነበሩ። ሙከራው እየተለቀ ሲሄድ ውጤቱ እያነሰ ይሄዳል። ትልልቆቹን መሠረት አድርገው ሲያሰሉት 2 ሴንቲ ሜትሩ 2 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሃያ ተማሪ እያንዳንዱ ሳንቲም አሥር ጊዜ ይወርውር። አንዱ ስምንት ጊዜ አንበሳ ያወጣል። ያ ተማሪ ብቻ «ሳንቲሜ ልዩ ነው» ብሎ ቢጽፍና የቀሩት ዝም ቢሉ፣ ጽሑፎቹን የሚያነብ ሰው ሳንቲሞች ሁሉ ወደ አንበሳ ያደላሉ ብሎ ይደመድማል። ሺህ ጊዜ የሚወረውር ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል አያጋጥመውም። ትንንሽ ሙከራዎችም ውጤታቸው ሲያምር ይታተማሉ፣ ሳያምር መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ።

በ2022 ስዊዘርላንድ ውስጥ በ220 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ታተመ። ግማሾቹ እውነተኛ ቴንስ፣ ግማሾቹ የይስሙላ፣ ለሦስት ሳምንት። በሕመማቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ በ2008 «ቴንስን እንደ ተጨማሪ ሕክምና አስቡበት» ያለው ተቋም፣ በ2022 «ለኦስቲዮአርትራይተስ አትስጡ፣ በቂ ማስረጃ የለም» አለ። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም በ2019 መመሪያው በጥብቅ አንመክርም ብሏል። ከ1965 እስከዚያ ስንት ዓመት ነው? በነዚያ ዓመታት ስንት ሰው ገንዘቡን፣ ከዚያም በላይ ተስፋውን ፓድ ላይ ለጠፈ?

የይስሙላ መሣሪያ መሥራት ለምን ይከብዳል?

እዚህ ጋ የኔ ሙያ ይገባል። ለክኒን ፕላሲቦ መሥራት ቀላል ነው፤ ያው መልክ፣ ያው ቀለም፣ ውስጡ ባዶ። ኤሌክትሪክ ግን ይሰማል! ቆዳው ይነዝራል። ያልነዘረው ሰው የይስሙላው እንደደረሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ፕላሲቦው አለቀለት። ልዩነት ቢገኝ እንኳ የነርቩ ይሁን የማወቁ መለየት አይቻልም።

ኢንጂነሮች አንዳንድ ብልሃት አግኝተዋል። አንዱ መሣሪያው ለ45 ሰከንድ ያህል በእውነት ከነዘረ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ሰውነት ለቋሚ ንዝረት ስለሚለማመድ፣ «ለመድኩት መሰለኝ» ይላል ታማሚው። ፋይብሮማያልጂያ የሚባል መላ ሰውነትን የሚያም ሕመም ባለባቸው 301 ሴቶች ላይ በ2020 የታተመ ሙከራ ይህንኑ ተጠቅሟል። ሦስት ቡድን ነበረው፦ እውነተኛ፣ የይስሙላ፣ ምንም። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸው ሕመም በእውነተኛው ቡድን ከይስሙላው በ10 ነጥብ መለኪያ 1 ነጥብ ያህል በልጦ ቀነሰ፤ ከ«ምንም» ቡድን ደግሞ 1.8 ያህል። አያችሁ? ሦስተኛው ቡድን ስላለ የኤሌክትሪኩን ድርሻና የተስፋውን ድርሻ ለይተን ማንበብ ቻልን። ነርቭ ማነቃቃት ሁሉ ባዶ ነው እያልኩ እንዳልሆነም ይህ ያሳያል።

ለጆሮው መሣሪያ ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት የይስሙላ ዘዴ አለ፦ ኤሌክትሮዱን ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ለስላሳው ጫፍ ላይ ማድረግ። እዚያም ይነዝራል፤ የቬገስ ቅርንጫፍ ግን እዚያ አይደርስም ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ነገሩ ከአቅም በላይ አይደለም።

የቴንስ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ ልዘለው አልፈልግም። «ባዶ ውጤት ያሳዩት ሙከራዎች የኤሌክትሪኩን መጠን አሳንሰውታል» ይላሉ። ክኒን ሩብ እየሰጡ «መድኃኒቱ አይሠራም» እንደማለት። ይህ ሊሆን ይችላል። የቆዳ መቋቋም ከሰው ሰው፣ በላብና በድርቀት ይለያያል፤ ጥሩ መሣሪያ ቮልቴጁን እየቀያየረ ከረንቱን ቋሚ ያደርጋል፣ መጥፎው አያደርግም። እውነት ነው። ነገር ግን መጠን ለውጤት ወሳኝ ነው የሚል ሰው ያንን ማሳየት የሚችለው በዕጣ የተከፋፈለ፣ ትልቅና ትንሽ መጠን ያለው ሙከራ ሠርቶ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በኋላ «ገና በትክክል አልተሞከረም» ማለት ለመሣሪያው መከላከያ ሳይሆን በመስኩ ላይ የቀረበ ክስ ነው የሚመስለኝ።

(ለእጀ ቀልጣፎቹ አንድ ቃል፦ ይህን አንብባችሁ በአርዱዪኖ የራሳችሁን እንዳትሠሩ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር በማንኛውም መንገድ የተገናኘ፣ ሰው ላይ የሚለጠፍ ነገር ይገድላል። ልብ ላይ ፔስሜከር ያለው ሰው ደግሞ የተገዛውንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር መንካት የለበትም።)

ቬገስ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ከፈለጋችሁ አለ፤ የመጣው ግን ከሌላ በሽታ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ ከአክስቴ ዓይነቱ ይለያል። ኤፍዲኤ በሐምሌ ወር 2025 ለዚህ በሽታ ቬገስን በቀን ለአንድ ደቂቃ የሚያነቃቃ፣ አንገት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ፈቀደ። መሠረቱ በ242 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። ሁሉም መሣሪያው ተቀበረላቸው፤ የተከፈተው ግን ለከፊሎቹ ነው። ከ12 ሳምንት በኋላ ከተከፈተላቸው 35 በመቶ ገደማ የተወሰነውን የመሻሻል መስመር አለፉ።

35 በመቶ፤ ከኤል ፓሶው 37 ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ግን ካልተከፈተላቸውም 24 በመቶ ገደማ ያንኑ መስመር አልፈዋል። በሽታውም፣ መለኪያውም፣ መሣሪያውም ስለሚለያይ ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ልብ በሉ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚህኛው ላይ የመሣሪያው ድርሻ 35 ሳይሆን በ35 እና በ24 መካከል ያለው 11 ነጥብ ነው። ያንን ማወቅ የቻልነው የተዘጋ መሣሪያ አንገታቸው ውስጥ ይዘው 12 ሳምንት የጠበቁ ሰዎች ስላሉ ነው። የኤል ፓሶው 37 ውስጥ የመሣሪያው ድርሻ 30 ይሁን፣ 10 ይሁን፣ ዜሮ ይሁን ከጥናቱ ማንበብ አይቻልም።

ለአክስቴ የነገርኳት

ደወልኩላት። ገንዘብ እንዳታወጣ ነገርኳት። የናይስ መመሪያ ለማንኛውም የኦስቲዮአርትራይተስ ታማሚ በመጀመሪያ የሚያዘው ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው፤ ክብደት ለበዛበት ደግሞ መቀነስ፤ ለጉልበት የሚቀባ ማስታገሻም አለ፣ ሐኪም አይቶ የሚያዘው። እንቅስቃሴው ሲጀመር ያማል፤ ለዚህ ነው ቪዲዮ የማይሠራለት።

«ከወንበር መነሳትና መቀመጥ? ይሄ ነው ሕክምናው?» አለች በንዴት።

«እጅ ሳትደገፊ፣ እቴቴ። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄደሽ ያሳዩሽ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እነሱ ይነግሩሻል።»

«እና የጆሮው ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። አልታወቀም። መሣሪያው ያልበራላቸው ሰዎች አብረው አልተለኩም።»

ትንሽ ዝም አለች። «እሺ፣» አለች በመጨረሻ፣ «እነዚያን ሲለኩ ደውልልኝ።»